የሜይኗ ሳንቲም የሊፍ ኤሪክሰን አይደለችም፦ ስለ ኦላቭ ኪሬ የብር ሳንቲም ለቀረበው ጽሑፍ ምላሽ

በአሜሪካ ሜይን ግዛት የባሕር ዳርቻ በ1957 ስለተገኘችው ትንሽ የኖርዌይ የብር ሳንቲም በቅርቡ በአማርኛ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አነበብሁት። ስለ ስካንዲኔቪያ የመካከለኛው ዘመን ገንዘብ በቋንቋችን የሚጻፈው እጅግ ጥቂት በመሆኑ ጸሐፊው ርዕሱን ማንሣታቸው ሊመሰገን ይገባል፤ ነገር ግን የተጻፈው ጥቂት በመሆኑ ምክንያት አንድ ስሕተት ከገባ የሚያርመው ሳያገኝ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ ይኖራል። ይህን ምላሽ የምጽፈውም ለዚህ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ እንዲህ ነው። ሳንቲሟ ከንጹሕ ብር የተሠራችና በዓለም ላይ አቻ የሌላት ናት፤ ብሩም የወጣው ከኖርዌይ ተራሮች ነው። ስካንዲኔቪያውያን የራሳቸውን ገንዘብ መቅረጽ የጀመሩት በኖርዌዩ ንጉሥ በኦላቭ ኪሬ ዘመን ነው። ሳንቲሟን ወደ አሜሪካ ያደረሷት ስካንዲኔቪያዊው መርከበኛ ሊፍ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ ናቸው፤ ስለዚህም ቫይኪንጎች ሜይን ላይ ሰፍረው ይኖሩ እንደነበር ተረጋግጧል። በግኝቱ ላይ ጥርጣሬ ያነሡ ምሁራን ደግሞ እውነቱ እንዳይወጣ የሚሹ ናቸው። ከእነዚህ ነጥቦች ውስጥ ሳንቲሟ የተቀረጸችበትን ታሪክ ቀርቦ ለሚመረምር ሰው የሚጸና አንድም አላገኘሁም።

የሊፍን ጉዳይ በማስቀደም ልጀምር፤ ለመፍታት ከሁሉም ይቀላልና። ሊፍ ኤሪክሰን ከግሪንላንድ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ያደረገው ጉዞ በ1000 ዓመት ገደማ እንደነበረ የአይስላንድ ተራኪዎች ያስረዳሉ። በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ላንስ ኦ ሜዶውስ በተባለው ስፍራ በብረት መሣሪያ የተቆረጡ እንጨቶች የተቆረጡበት ዓመት 1021 መሆኑም በዛፎቹ የዕድገት ቀለበት ተረጋግጦ በ2021 ይፋ ሆኗል። ኦላቭ ኪሬ የነገሠው ግን ከ1067 እስከ 1093 ነው። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሳንቲም ታሪክ ሊቅ የነበሩት ኮልብዮርን ስካሬ የሜይኗ ሳንቲም የተቀረጸችው ከ1065 እስከ 1080 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሆነ ገምተዋል። እንግዲህ ሊፍ መርከቡን ባቀናበት ጊዜ ሳንቲሟ ልትቀረጽ ቀርቶ የምትቀረጽበትን ትእዛዝ የሰጠው ንጉሥ ገና አልተወለደም ነበር። ለጸሐፊው ይህን ያህል ግልጽ የሆነ የዘመን ልዩነት እንዴት እንዳመለጣቸው ለመረዳት ይቸግረኛል።

ስካንዲኔቪያውያን ገንዘብ መቅረጽ የጀመሩት በኦላቭ ኪሬ ዘመን ነው የሚለው ደግሞ ሦስት መቶ ዓመት ያህል የሚሆን ታሪክ የሚሰርዝ አባባል ነው። በዛሬዋ ዴንማርክ ምዕራባዊ ጠረፍ በምትገኘው በሪቤ ከተማ በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ትናንሽ የብር ሳንቲሞች ይቀረጹ እንደነበር አብዛኞቹ አጥኚዎች ይስማማሉ። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሄደቢ የንግድ ከተማ የታላቁን ቻርለስን ሳንቲም አስመስለው የሚቀርጹ ነበሩ፤ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይም በዴንማርኩ ሃራልድ ብሉቱዝ ዘመን መስቀል ያለባቸው ስስ ሳንቲሞች ወጥተዋል።

የንጉሥ ስም በግልጽ የተጻፈባቸው ሳንቲሞች የመጡት በ995 ገደማ ሲሆን፣ አስገራሚው ነገር ሦስት ነገሥታት በተቀራራቢ ጊዜ መጀመራቸው ነው፤ እነርሱም የዴንማርኩ ስቬን፣ የኖርዌዩ ኦላቭ ትሪግቫሶን እና የስዊድኑ ኡሎፍ ሼትኮኑንግ ናቸው። ሦስቱም አርአያ ያደረጉት በዚያው ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ይዘዋወር የነበረውን የንጉሥ ኤቴልሬድን ሳንቲም ነው። ይህ ሳንቲም በአንዱ ገጹ በትር የያዘ የንጉሥ ምስል፣ በሌላው ደግሞ በአራቱ ማዕዘኖቹ መካከል መስቀል የሚል የላቲን ቃል አራት ፊደላት የተበተኑበት መስቀል አለው። በሦስቱም ነገሥታት ሳንቲሞች ላይ ጎድዊን የሚባል የቀራጭ ስም ይገኛል፤ ስሙ እንግሊዛዊ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ የስካንዲኔቪያ ንጉሣዊ ሳንቲሞች በእንግሊዝ የሰለጠነ እጅ ወይም የዚያ እጅ ተማሪ የሠራቸው ናቸው። ከኦላቭ ትሪግቫሶንና ከስቬን ሳንቲሞች እስካሁን የተገኙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ብርቅዬ የሚለው ቃል በእርግጥ የሚስማማው ለእነርሱ ነበር።

ስለ ሲግቱና አንድ ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም፤ አንድ የሳንቲም መቅረጫ ቤት ምን ዓይነት አሻራ እንደሚተው ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ስፍራ አላውቅምና። በ1990 በስዊድን ሲግቱና ከተማ በተደረገ ቁፋሮ የሳንቲም ማተሚያ ብረት የተሞከረባቸው የእርሳስ ቁራጮች ተገኙ። ቀራጩ አዲስ የተቀረጸውን ብረት ወደ ብር ከማሳረፉ በፊት ርካሽና ለስላሳ በሆነው እርሳስ ላይ መትቶ ይፈትነው ነበር፤ በእነዚያ ቁራጮች ላይም የኡሎፍና የልጁ የአኑንድ ያኮብ ማተሚያዎች አሻራ ተቀምጧል። የአባትም የልጅም አሻራ በአንድ ስፍራ መገኘቱ መቅረጫው ከአንድ ንጉሥ ዘመን በላይ እዚያው እንደቆየ ያስረዳል። ሆኖም የስዊድኑ ሥራ በ1030ዎቹ ተቋርጦ ከመቶ ዓመት በላይ አልተቀጠለም። በኖርዌይ ግን ከኦላቭ ትሪግቫሶን በኋላ አልፎ አልፎ ብቻ ሲታይ የነበረው ቀረጻ መደበኛ የመንግሥት ሥራ የሆነው በኦላቭ ኪሬ አባት በሃራልድ ሃርድራዳ ዘመን ነው።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። ኖርዌይ የብር ማዕድን አላት፤ ነገር ግን ታዋቂው የኮንግስበርግ የብር ማዕድን የተገኘው በ1623 ነው፤ ከኦላቭ ኪሬ ሞት ከ500 ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። በቫይኪንግ ዘመን በስካንዲኔቪያ የተዘዋወረው ብር በዋናነት ከውጭ የገባ ነው። በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከኸሊፋዎቹ ግዛቶችና ከማዕከላዊ እስያ ሳማኒዶች የመጣው የዐረብ ድርሃም በሩስያ ወንዞች በኩል ይጎርፍ ነበር። በ1999 በጎትላንድ ደሴት ስፒሊንግስ በተባለ የእርሻ ቦታ የተገኘው 67 ኪሎ ግራም የሚመዝን የተቀበረ ብር ከ14,000 በላይ ሳንቲሞች ነበሩት፤ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም የእስላም ዓለም ሳንቲሞች ናቸው። የምሥራቁ ምንጭ ሲደርቅ በጀርመን ሃርትስ ተራራ ራመልስበርግ የወጣው ብር ተተካ። በዚያ ላይ እንግሊዞች ሰላም ለመግዛት የከፈሉት ግብር አለ። የእንግሊዝ ዜና መዋዕል በ991 የተከፈለው 10,000 ፓውንድ እንደነበር ይናገራል፤ አንድ ፓውንድ 240 ፔኒ ስለሆነ 2.4 ሚሊዮን ሳንቲም ማለት ነው። በ1018 ደግሞ 72,000 ፓውንድ እንደተከፈለ፣ ለንደን ብቻዋን 10,500 እንደጨመረች ያው ዜና መዋዕል ጽፏል። አኃዞቹ ተጋንነው ሊሆን እንደሚችል የሚከራከሩ የታሪክ ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን የኤቴልሬድ ሳንቲሞች ከእንግሊዝ ይልቅ በስካንዲኔቪያ አፈር ውስጥ በብዛት መገኘታቸው የማይታበል ነው።

ጸሐፊው በጣም የተሳሳቱት ግን ሳንቲሟ ከንጹሕ ብር የተሠራች ናት በማለታቸው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የኖርዌይ ገንዘብ ታሪክ ዋናው ጭብጥ ብሩ ንጹሕ አለመሆኑ ነው። ሃራልድ ሃርድራዳ ወደ ዙፋን ከመምጣቱ በፊት በቁስጥንጥንያ በንጉሠ ነገሥቱ የዘበኞች ጦር ውስጥ ያገለገለ ሰው ነበር፤ መንግሥት ገንዘብን እንዴት እንደሚቆጣጠር በዓይኑ አይቷል። በእርሱ ዘመን መጀመሪያ ላይ የወጡት ሳንቲሞች ከመቶ 90 ያህል ብር ነበራቸው፤ በዘመኑ መጨረሻ ግን ብሩ ወደ ሢሶ ገደማ ወርዶ የቀረው መዳብ ሆኗል። በአይስላንድ የተጻፈ አንድ ትረካ እንደሚነግረን ሃልዶር ስኖራሶን የተባለ አይስላንዳዊ ወታደር ደመወዙን በዚህ ገንዘብ ሲቀበል ሳንቲሞቹን ከካባው ላይ ጠርጎ ወደ ወለሉ ገለባ በተናቸው፤ ለንጉሡም ጥሩ ብር እስኪሰጠው ድረስ አላገለግልም አለ። ትረካው ከድርጊቱ ብዙ ዘመን በኋላ የተጻፈ ቢሆንም፣ ዛሬ በላቦራቶሪ የሚታወቀው የብረቱ ይዘት ወታደሩ የተቆጣበት ምክንያት እውነት እንደነበር ያረጋግጥለታል።

እንዲህ ያለ የተበረዘ ገንዘብ ሊሠራ የሚችለው ንጉሡ በግዛቱ ውስጥ ሌላ ገንዘብ እንዳይዘዋወር መከልከል ሲችል ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ሰው ብርን በሚዛን ይቀበል፣ የሳንቲሙን ንጽሕናም በቢላዋ ጫፍ ወግቶ ወይም አጥፎ ይፈትን ነበር፤ የእንግሊዝ፣ የጀርመንና የዐረብ ሳንቲም ጎን ለጎን ይሄዳል። በኖርዌይ ከ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ በተቀበሩ ሀብቶች ውስጥ የውጭ ሳንቲሞች እየጠፉ የንጉሡ ሳንቲሞች ብቻ ይቀራሉ። የሃራልድ ሳንቲም በኖርዌይ ውስጥ ሙሉ ዋጋ ነበረው፤ ከኖርዌይ ውጭ ግን ሚዛን ላይ ሲቀመጥ የያዘችውን ሢሶ ብር ብቻ ታወጣለች።

ሃራልድ በመስከረም 1066 በስታምፎርድ ብሪጅ ሲገደል ልጁ ኦላቭ ከዘመቻው ጋር እንግሊዝ ነበር። መርከቦቹን የመጠበቅ ሥራ የነበረው ይህ ወጣት በ24 መርከቦች ብቻ እንዲመለስ ተፈቀደለት፤ በ1067 ከወንድሙ ከማግኑስ ጋር ነገሠ፣ ከ1069 ጀምሮም ብቻውን ገዛ። ኪሬ የሚለው ቅጽሉ ሰላማዊ እንደማለት ነው፤ አገሩም በእርሱ ዘመን አርፋለች። ገንዘቡን ግን ወዲያው አላስተካከለም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአባቱን የተበረዘ ሳንቲም ነው የቀጠለው። በ1080 ገደማ ብቻ ብሩ ወደ 90 ከመቶ ገደማ ሲመለስ፣ የሳንቲሙ ክብደት ደግሞ በግማሽ ቀነሰ። እንግዲህ የሜይኗ ሳንቲም ስካሬ በሰጧት የዘመን ክልል ውስጥ ከሆነች፣ የተቀረጸችው ከዚህ እርማት በፊት ገንዘቡ ገና በተበረዘበት ጊዜ ነው።

ስለ አቀራረጿም ጥቂት ልጨምር። ቀራጩ ከተቀጠቀጠ ስስ ብር ላይ ክብ ቁራጭ ያወጣል፤ የታችኛው ማተሚያ ብረት በግንድ ላይ ተተክሏል፣ የላይኛውን በእጁ ይዞ በመዶሻ ይመታል። የመዶሻውን ኃይል በቀጥታ የሚቀበለው የላይኛው ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፤ አጥኚዎችም አንዱ የታችኛው ብረት ከየትኞቹ የላይኛዎች ጋር እንደተጣመረ በማነጻጸር ሳንቲሞቹን በቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ። በኦላቭ ዘመን ሳንቲሞች ላይ ያለው ጽሕፈት አብዛኛው ትርጉም የሌለው የተዛባ የላቲን ፊደል ነው፤ ቀራጮቹ የሚያዩትን ቅርጽ ይገለብጡ ነበር እንጂ አያነቡትም። በጥቂቶቹ ላይ ግን አገርኛው የሩን ፊደል ብቅ ይላል፤ በአንዱ ላይ ጉናር የተባለ ሰው የዚህ ማተሚያ ብረት ባለቤት እኔ ነኝ ብሎ ጽፏል። የኖርዌይን ገንዘብ ከሠሩት ሰዎች መካከል ድምፁ በራሱ ቋንቋ የደረሰን ሰው ማግኘት ለእኔ ከየትኛውም የንጉሥ ምስል ይበልጥብኛል።

ይህ ሁሉ በዓለም ላይ አቻ የላትም የሚለውንም አብሮ ይመልሰዋል። በ1878 በኖርዌይ ቲዳል፣ ግሬስሊ በተባለ ስፍራ በ1080ዎቹ የተቀበሩ ከ2,000 በላይ ሳንቲሞች ተገኝተዋል፤ ስለ ሃራልድና ስለ ኦላቭ ገንዘብ የምናውቀው አብዛኛው የመጣው ከዚሁ ክምችት ነው። የሜይኗ ሳንቲም ብርቅ የሆነችው በአሠራሯ ሳይሆን በተገኘችበት ቦታ ነው፤ በአሜሪካ ምድር በቁፋሮ የወጣች ሌላ የዚያ ዘመን የኖርዌይ ሳንቲም አይታወቅም።

ወደ ሰፈራው ጥያቄ ስንመጣ ጸሐፊው ሳንቲሟ ስለተገኘችበት ስፍራ አንድም ቃል አለመጻፋቸው ያሳዝናል፤ መልሱ ያለው እዚያው ስፍራ ላይ ነውና። ናስኬግ ፖይንት በተባለው የባሕር ዳርቻ የሚገኘው የጎዳርድ ስፍራ የአገሬው ተወላጆች በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በብዛት ይሰበሰቡበት የነበረ ሰፊ የመኖሪያና የንግድ ቦታ ነው። በዚያ ከወጡት በአሥር ሺዎች ከሚቆጠሩ ዕቃዎች ውስጥ የኖርስ ሰዎች (የዚያ ዘመን ስካንዲኔቪያውያን) የሠሩት ይህችው ሳንቲም ብቻ ናት። የቤት መሠረት የለም፤ የመርከብ ምስማር የለም፤ የብረት ማቅለጫ ዝቃጭም የለም። ኖርሶች በእርግጥ የኖሩበት ላንስ ኦ ሜዶውስ ምን እንደሚመስል ስናይ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል፤ እዚያ የስምንት ሕንፃዎች ፍርስራሽ፣ ብረት የቀለጠበት ምድጃ፣ ምስማሮች፣ የነሐስ የልብስ መርፌና የእንዝርት ድንጋይ ተገኝተዋል፤ ሳንቲም ግን አልተገኘም። ሰው ሲኖር የሚጥለው ምስማርና እንዝርት ነው።

በሌላ በኩል በጎዳርድ ከሩቅ የመጡ ነገሮች ሞልተዋል። ከሰሜናዊ ላብራዶር ራማ የባሕር ሰርጥ ብቻ የሚወጣው ልዩ የመሣሪያ ድንጋይ በብዛት አለ፤ የሰሜን ዋልታ ዶርሴት ሕዝቦች የሚሠሩት ዓይነት መሣሪያም ተገኝቷል። ላብራዶር ደግሞ የግሪንላንድ ኖርሶች የሚመላለሱበት ዳርቻ ነው። የአይስላንድ ዜና መዋዕሎች በ1121 አንድ የግሪንላንድ ጳጳስ ቪንላንድን (ኖርሶች ከግሪንላንድ ወዲያ በምዕራብ ላገኙት ምድር የሰጡት ስም ነው) ፍለጋ እንደሄደ፣ በ1347 ደግሞ ማርክላንድ (ላብራዶር ሳይሆን አይቀርም የሚባለው ዳርቻ) ደርሳ የተመለሰች የግሪንላንድ መርከብ አይስላንድ እንደገባች መዝግበዋል። ከዚያም በሰሜን በኤልስሚር ደሴት በኢኑይት ቤቶች ውስጥ የኖርስ የጥሩር ቀለበቶችና የመርከብ ምስማሮች ተገኝተዋል። ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ባለቤቶቹ ፈጽሞ ያልረገጡት ምድር ይደርስ ነበር ማለት ነው። ግሪንላንድና አይስላንድ ሲገበያዩ የኖሩት በዱር እንስሳ ቆዳ፣ በዋልረስ ጥርስና በሱፍ ጨርቅ ነው፤ እዚያ የተበረዘ የኖርዌይ ሳንቲም ከገንዘብነቱ ይልቅ ጌጥነቱ ይበልጣል። የሜይኗም ሳንቲም በጠርዟ ላይ ተበስታ የነበረች መሆኗ በአንገት ላይ ተንጠልጥላ እንደነበር ያመለክታል።

ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በአገራችን ገጠር ውስጥ ከማተብ ጋር የተንጠለጠለ የማሪያ ቴሬዛ ብር ቢገኝ ኦስትሪያውያን በዚያ ቀበሌ ሰፍረው ነበር የሚል ሰው አይኖርም፤ በላዩ 1780 ተጽፎ ስላየን ብቻ በዚያው ዓመት ወደ መንደሩ ገባ አንልም። ሳንቲም የሚነግረን ከየት እንደወጣና ከመቼ በፊት ሊደርስ እንደማይችል ነው። በሜይን ያለችው ሳንቲም ከተቀረጸች በኋላ አንድ መቶ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ስትዘዋወር ቆይታ እዚያ መድረሷ ከስፍራው ዕድሜ ጋር በሚገባ ይገጥማል።

በመጨረሻ የሚቀረው ስለ ተጠራጣሪዎች የተሰነዘረው ክስ ነው። ጸሐፊው ምሁራኑን በሐሰት መወንጀላቸው ተገቢ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ የኖርስ ማስረጃ ተብለው የቀረቡ ሐሰተኛ ነገሮች ስላሉ ጥርጣሬው ምክንያት አለው፤ በ1898 በሚኒሶታ የወጣውን የኬንሲንግተን ድንጋይ አብዛኞቹ የሩን ጽሕፈት ሊቃውንት የኋላ ዘመን ሥራ ነው ይሉታል፤ የዬል ዩኒቨርሲቲም የቪንላንድ ካርታ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቀለም የተሠራ መሆኑን በ2021 አስታውቋል። የሜይኗን ሳንቲም ያገኘው ሰው ሙያተኛ ያልሆነ ቆፋሪ ስለነበረ አንትሮፖሎጂስቱ ኤድመንድ ካርፔንተር ሆን ተብላ ተቀብራ ይሆናል ብለው መጠየቃቸው ነውር አልነበረም።

ጥያቄው ግን መልስ አግኝቷል ብዬ አምናለሁ። ሳንቲሟ በ1957 ስትወጣ የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ፔኒ ናት ተብላ ሃያ ዓመት ያህል በዚሁ ስም ቆየች፤ በ1974ም ለሜይን ግዛት ሙዚየም ተሰጠች። የኖርስ መሆኗ የታወቀው በ1978 የለንደኑ የሳንቲም ሊቅ ፒተር ሲቢ ካነሡት በኋላ ሲሆን፣ ስካሬም በተከታዩ ዓመት አረጋግጠውታል። የኖርስ ማስረጃ ለመፍጠር ብሎ ሳንቲም የሚቀብር ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ እንግሊዛዊ ናት ሲባል ዝም ብሎ መቀመጡ አይመስልም። የኦስሎ ዩኒቨርሲቲው ስቬን ጉልቤክም በ2017 ባሳተሙት ጥናት እንዲህ ያለውን የኦላቭ ኪሬ ሳንቲም በዚያ ጊዜ በገበያ ማግኘት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደነበር መርምረው ግኝቱ እውነተኛ ነው ወደሚለው አዘንብለዋል። ይህ መልስ የተገኘው ተጠራጣሪዎቹ ስለጠየቁ ነው።

ስለዚህ ጸሐፊው ቢያንስ ከሳንቲሟ ፎቶግራፍ ሥር ያሰፈሩትን መግለጫ እንዲያርሙ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በሊፍ ኤሪክሰን ፈንታ የኦላቭ ኪሬ ስም፣ በንጹሕ ብር ፈንታ የብርና የመዳብ ቅልቅል ይጻፍ፤ የቫይኪንግ ሰፈር የሚለውም ወጥቶ የአገሬው ተወላጆች የንግድ ቦታ ይባል።